የስመኝን መስሚያ ለማየት ወደ ሉማሜ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት አንዲት ልጅ ስታወራ ልሰማ ነበር። ከበጎ አድራጊዎች ገንዘብ አሰባስቦ ጆሯቸው ለማይሰማ ልጆች የመስሚያ መሣሪያ የሚሰጥ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። አምና ስመኝ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ከሉማሜ ገጠር ከእናቷ ከእናኑ ጋር መጣች። መሣሪያውን ጆሮዋ ላይ አድርገንላት እናቷ ስሟን ስትጠራ ልጅቷ ዞር አለች። ሐኪሙ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ፤ የእኔንማ ተዉት። ሲሸኛቸው ግን አስጠነቀቀ፤ "ቀኑን ሙሉ ታድርገው። አፏን የምትፈታው አሁን ከሰማች ነው። ይህ ዕድሜ ካለፈ በጣም ይከብዳታል።" እነሆ ዓመት ሞላና የሰጠናቸውን የሚተካ ባትሪና ሥዕል ያለበት የፊደል መጽሐፍ ይዤ ተሳፈርኩ።

ዓባይና ደጀን

ዓባይ በረሃ ውስጥ እንደ ምድጃ እየጋለ ረዳቱ "መስኮት ክፈቱ!" ቢል አንዲት ሴትዮ ከኋላ ተነሱበት። "ኧረ ዝጉት! በብርድ ልትጨርሱን ነው?" ምን ብርድ አለ እባካችሁ! ተዘጋልን፤ ተቀቀልን። ዳገቱን ስንወጣ ጆሮዬ ድፍን አለ። ደጀን ወርደን ሻይ ሳዝዝ የሻይ ቤቷ ባለቤት የምትለኝ አልሰማ ብሎኝ ሁለቴ "አቤት?" አልኳት።

"ዓባይ ነው፤ ቆይቶ ይከፈታል" ብላ ሳቀችብኝ።

ከሉማሜ በጋሪ

ሉማሜ ሽሮዬን በልቼ ጋሪ ተኮናተርኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ግራና ቀኙ ገና ያልታጨደ ጤፍ። ባለጋሪው የምሄድበትን ስነግረው ደስ አለው።

"ጆሮ ያወጡት የኔታ ዘንድ ነዋ!"

የኔታ የስመኝ አያት ናቸው፤ የዜማ መምህር። "የልጅ ልጃቸውን ማለትህ ነው" ብዬ አረምኩት። ፈረሱን ቸብ አደረገ።

ስንደርስ የኔታ ዋርካው ሥር ተማሪዎቻቸው ከብበዋቸው ያዜማሉ። ከዜማው መሐል ግን "ሲይይይ" የሚል ፉጨት ይሰማል። ጠጋ ብዬ ሳይ ክው ብዬ ቀረሁ። ከነጭ ጥምጥማቸው ሥር፣ ልጆች እንዲወዱት ተብሎ የተመረጠው ሮዝ መሣሪያ ተሰክቷል! ለትንሽ ጆሮ የተሠራ ስለሆነ እንዳይወድቅ ዙሪያውን በጧፍ ሰም ተለስኗል።

እናኑ ተቀብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ፤ ስመኝ ጀርባዋን ሰጥታን ምስር ትለቅማለች። እናኑ ስሟን አልጠራችም። ጠጠር አንስታ እግሯ ሥር ወረወረች፤ ልጅቷ ያኔ ዞረች።

"እናኑ፣ ምን አደረግሽ?"

"ምን ላድርግ እትዬ? አባቴ ደንቁረው ተቀምጠው ለልጅ ልሰካ? ሰው ምን ይለኛል? ለእርስዎ የተላከ ነው አልኳቸው።" ክንዴን ያዘች። "በማርያም፣ እንዳይነግሩብኝ!"

ወደ ዋርካው ስመለስ የኔታ አዩኝና ብድግ አሉ። መርቀው መርቀው ሲጨርሱ ጆሯቸው ላይ ጮኼ "ይሰማዎታል?" አልኳቸው።

"ያፏጫል ልጄ፤ ራሴን ይበጠብጠኛል። ግን የላካችሁልኝን እንዴት ላጣጥል? ችዬዋለሁ።"

"ታዲያ ተማሪውን በምን ያርማሉ?"

"አፋቸውን እያየሁ።"

ወይ ጉድ! ለካ ዓመቱን ሙሉ በዚያ መሣሪያ የሰማ ሰው የለም። ልጅቷ ተነጥቃለች፤ እሳቸው በይሉኝታ ፉጨት ተሸክመዋል። ተማሪዎቹም ፉጨቱን ያውቁ ነበር፤ የኔታን ማን ደፍሮ ይናገራቸው? ደሜ ፈላ። የእናኑን ልመና ጣጥዬ "የኔታ፣ ይህ የስመኝ ነው!" አልኳቸው።

"የማን?"

ደገምኩት። ከዚያ መሣሪያውን ቀስ ብለው አወለቁና መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

"እናኑ፣ ምነው? የሕፃን ጆሮ አስቀማሽኝ?" እናኑ መሬት ላይ ተደፍታ እግራቸውን ያዘች። እሳቸውም ቁጣው አልሆነላቸውም፤ ራሷን ዳበሱና አስነሷት። ወደ ተማሪዎቹ ዞረው "ከነገ ጀምሮ ሌላ መምህር ፈልጉ፤ እኔ አልሰማም" አሉ። ዓመቱን ሙሉ ደብቀውት የኖሩትን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት።

ሰሙን ፍቄ፣ ባትሪ ቀይሬ ስመኝ ጆሮ ላይ አደረግኩት። ጆሮዋ ስላደገ ትንሽ ላላ ብሏል፤ ቢሆንም ዶሮው ሲጮህ ደነገጠች። የኔታ እጇን ይዘው ተማሪ የሚቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት።

"አ በይ።"

አፋቸውን አየች። ደጋግመው ዜማ አደረጉት። ስመኝ አፏን ከፈተች።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። "አፏ ሲከፈት አይቻለሁ" አሉኝ። "ድምፅ አለው?"

"አለው፣ የኔታ" አልኩና አለቀስኩ።

መመለሻ

እናኑ ልጇንም አባቷንም ይዛ አዲስ አበባ እንድትመጣ ተነጋግረን ተለያየን። ቤቴ እንደገባሁ ለማኅበሩ ደወልኩ። እዚያ አገር አባት ሳይቀምስ ልጅ አይጎርስም፤ መስሚያ ለልጅ ስንሰጥ ቤቱ ውስጥ የማይሰማ ሽማግሌ መኖሩን እንጠይቅ፤ ካለ ለሽማግሌው አስቀድመን እንስጥ፤ ያኔ የልጁ ለልጁ ይቀራል አልኩ። ለጋሾቻችን ገንዘቡን የሚሰጡት ለልጆች ብቻ ነው አሉኝ።

"እኔም የምለምነው ለስመኝ ነው" አልኳቸው።