ወደ ኋላ የሄደችው የሰርጌ መኪና

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ በሰርጌ ቀን ነው። ሐረር ውስጥ ያን ቀን ያየ ሰው ዛሬም ሲያገኘኝ "ያቺ ወደ ኋላ የተዳረችው" እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በልቤ የቀረው ግን የእናቴ ነገር ነውና እሱን ልንገራችሁ።

ለእናቴ አንድ ልጅ ነኝ። የሰርጌ ቀን ከተቆረጠ ጀምሮ እህል አልበላ አላት። ሽንኩርት ስትከትፍ ታለቅሳለች፤ ሽንኩርቱ ካለቀ በኋላም ታለቅሳለች። "ደስ ብሎኝ ነው" ትላለች፤ ማንም አላመናትም። በእኛ ወግ የሙሽራ እናት ልጇን እስከ ደጅ ትሸኛለች እንጂ ወደ ወንዱ ቤት አትከተልም። እስከ መልሱ ቀን ልጇን አታይም። እሷን የጨነቃት ይኸው ነበር። እኔም እንዴት አድርጌ እንደምለያት አላውቅም ነበር።

ባሌ ታደሰ መካኒክ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የቡና ነጋዴ ትልቅ የአሜሪካ መኪና ነበራቸው። ፍሪሲዮን የላትም፤ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች። ለከተማው ብርቅ ነበረች። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትወጣም። ታደሰ ካምቢዮውን፣ ማለት የማርሹን ቤት፣ አውርዶ ሲያየው ጥፋቱ ኮንቨርተር የሚሉት ላይ ሆነ። ኮንቨርተር ክዳኑ የተበየደ ድስት የሚመስል ብረት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ይቀመጥና ውስጡ ያለው ዘይት ሲሽከረከር የሞተሩን ጉልበት ያስተላልፋል። የፍሪሲዮንን ሥራ የሚሠራው ዘይቱ ነው ማለት ነው። አዲሱ በጅቡቲ ገብቶ በባቡር ድሬዳዋ እስኪደርስ ክረምቱ አለቀ። ታደሰ ገጠመው፤ መኪናዋም ዳገቱን እየሳቀች ወጣች። ነጋዴው ደስ ብሏቸው "ሙሽራህን የምትወስዳት በዚህች ነው" አሉት።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ ያን ክረምት ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር የሚያወራኝ ስለ ኮንቨርተር ብቻ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ትቀየመው ነበር። እኔ ወደድኩት።

የሰርጉ ቀን ታደሰ ነጭ ሱፍ ለብሶ ከሚዜዎቹ ጋር አቦከር ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቅን። ከዳሱ ወጥተን መኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አፍንጫዋ ወደ መንገዱ ነው። እናቴ ከኋላችን ደጃፉ ላይ ቆማለች። ዞሬ ካየኋት ማልቀሴ ስለማይቀር አንገቴን አደንድኜ ፊት ለፊት ብቻ አየሁ።

መሪውን የያዘው ዋናው ሚዜ ግርማ ነበር። ማርሽ አስገብቶ ቤንዚን ሲሰጥ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ ሞከረ። ያው ነው። እልልታው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

"ኮንቨርተሩ ሞተ" አለ ግርማ። እሱም ጋራዥ ውስጥ ከታደሰ ጋር የሚሠራ ነው። የታደሰ ፊት አመድ መሰለ።

እስኪሠራ ቤት ልግባ ብዬ በሩን ስከፍት የአባቴ እህት እትዬ አስካለ መልሰው ዘጉት። "ሙሽራ ከወጣች አትመለስም። ከተመለሰች ትዳሯም ይመለሳል" አሉ። በቤታችን በወግ ነገር እሳቸውን የሚከራከር የለም። ታደሰ ሊወርድ ሲል ደግሞ ሚዜዎቹ ከለከሉት። ሙሽራ በሰርጉ ቀን ንጉሥ ነው፣ ሥራ አይነካም አሉት። እንዲህ ሆኖ ሁነኛው መካኒክ የኋላ ወንበር ላይ ታሰረ።

ጎረቤታችን አው ዑመር መጡ። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ በጭነት መኪናቸው ከገጠር ማሽላ እያመጡ ጊደር መጋላ ገበያ ያራግፋሉ። "አትጨነቁ፤ ኢንሻአላህ በኔ መኪና አደርሳችኋለሁ። ካልሆነም በገመድ ልጎትታችሁ" አሉ።

"ሙሽራ እንደ ማሽላ አትጫንም፣ እንደ በሬም አትጎተትም" ብለው መለሱላቸው እትዬ አስካለ።

ታደሰ ከተቀመጠበት ሆኖ ግርማን ማዘዝ ጀመረ። "ሞተሩን ሳታጠፋ የካምቢዮውን ዘይት ለካልኝ፤ አሽትተውም።"

ግርማ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን አወጣ። "ልኩ ላይ ነው። የተቃጠለ ሽታም የለውም።"

"ግባና ፍሬኑን ጥብቅ አድርገህ ያዝ። ወደ ፊት አስገባና ቤንዚን ስጠው።"

ሞተሩ እንዲያው በባዶው ጮኸ።

"አሁን ወደ ኋላ አስገባ፤ ፍሬኑን አትልቀቅ።"

በዚህ ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፤ መኪናዋ ልሂድ ልሂድ እያለች ታገለች። ግርማ ደንግጦ ፍሬኑን ሲያላላ ወደ ቤታችን ደጃፍ ፈቀቅ አለች። "መለሳት፣ መለሳት" እያሉ እትዬ አስካለ ጮኹ። አንዱ ሮጦ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ።

ታደሰ መሳቅ ጀመረ። "ደህና ነው። ኮንቨርተሩ ደህና ነው" እያለ ጉልበቴን ይደበድባል። ሰው ሁሉ ሙሽራው አበደ ብሎ አየው። እሱ አባቴን በመስኮቱ አስጠግቶ አስረዳቸው።

"አባባ፣ ኮንቨርተሩ ለወደ ፊትም ለወደ ኋላም አንድ ነው። ሞቶ ቢሆን ወደ ኋላም አትሄድም ነበር። የተበላሸው ካምቢዮው ውስጥ ወደ ፊት የሚይዘው ክፍል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዛሬ አይሠራም፣ መውረድ አለበት። ወደ ኋላ ከሆነ ግን እስከፈለጉት ትሄዳለች።"

"እስከ ሐኪም ጋራ ሥር?" አሉ አባቴ። የታደሰ ቤት እዚያ ነበር።

"በደንብ።"

እትዬ አስካለ ሰሙ። "ሙሽራ ወደ ኋላ እየሄደች ትዳር ይመሠረታል?"

አባቴ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያረጁ ሰው ናቸው፤ ክርክር ይወዳሉ። "አስካለ፣ ወደ ኋላ የምትሄደው መኪናዋ ናት። ልጄ የምትሄደው ወደ ባሏ ቤት ነው" አሉ።

እትዬ ጥቂት አሰቡ። "እንዲያ ከሆነ ቂጧን ወደ መንገዱ አዙሩልኝ።"

ጎረምሶቹ ማርሹን ዜሮ አስደርገው፣ ወዲያና ወዲህ እየገፉ መኪናዋን አዞሯት። ግርማ ግን ያን ያህል መንገድ ወደ ኋላ ነድቶ እንደማያውቅ ተናገረ። አው ዑመር ሳቁ።

"በገበያ ቀን ጊደር መጋላ ማዞሪያ የት አለና ነው? እኔ ወላሂ ወደ ፊት ከነዳሁት ወደ ኋላ የነዳሁት ሳይበልጥ አይቀርም። ውረድ ልጄ።"

መሪውን ያዙ። ግራ እግራቸው የሌለውን ፍሪሲዮን ሲፈልግ ወለሉን ይረግጣል። ወደ ኋላ ስለሚያዩ ፊታቸው ወደ እኛ ነው። "ልጄ፣ ቬሎሽን ሰብስቢው፤ የሚታየኝ ነጭ ብቻ ነው" አሉኝ። ታደሰን ደግሞ "ጭንቅላትህ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ወደ ሙሽራዋ ዘንበል በል፣ ዛሬ ተፈቅዶልሃል" አሉት።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ቀና ስል እናቴ ከፊቴ ቆማለች።

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። መኪናዋ ስትዞር የኔም ፊት ወደ ቤታችን ዞሯል። ሌላ ሙሽራ ለእናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች፤ እኔ ግን ዓይን ለዓይን እየተያየን ሄድኩ። መጀመሪያ እንባዋ ይወርድ ነበር። ከዚያ የመኪናዋን አካሄድ፣ የአው ዑመርን የተጠመዘዘ አንገት፣ እቅፌ ውስጥ የተከመረውን ቬሎ አየች መሰለኝ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሳቀች። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ልትደብቀው ሞከረች፣ አልቻለችም። እኔም ሳቄ መጣ። እየሳቀች ወደኔ ተራመደች። አው ዑመር የሚነዱት ቀስ ብለው ስለነበር አልራቅናትም። እናቴ ኮፈኑን እየተከተለች፣ እጇን እያወዛወዘች መጣች። ሰርገኛው ከግራ ከቀኝ ያጨበጭባል። መንገድ ላይ ያገኘናቸው የገበያ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው እልል አሉልን።

ታደሰ ቤት ደጃፍ ስንደርስ መኪናዋ ቆመች። እናቴም ቆመች። የት እንዳለች ያስተዋለችው ያኔ ነው። በሰርጉ ቀን፣ በቤት ጫማዋ፣ የወንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማለች። ሳቋ ጠፋ። "ውይ፣ ምን ነካኝ" ብላ ልትመለስ ዞረች።

የታደሰ እናት እኛን ሊቀበሉ ወጥተው ነበር። እናቴን ሲያዩ ወደ እሷ ሄዱና እጇን ያዙ።

"መኪናው ወደ ኋላ ከሄደ፣ ወጉ ለአንድ ቀን ቢገለበጥ ምን ይሆናል? ነይ ግቢ እህቴ። ልጅሽን አንቺው አስገቢልኝ።"

እኔንና እናቴን በግራና በቀኝ ይዘው አስገቡን። እናቴ ከስንት ቀን በኋላ ጠግባ ስትበላ ያየኋት በባሌ ቤት ነው። እትዬ አስካለም ተከትለው መጥተው ኖሮ፣ "በኛ ወግ እንዲህም ይደረጋል" እያሉ ለሰው ሲናገሩ ሰማኋቸው።

ከመልሱ በኋላ ታደሰ ካምቢዮውን አወረደ። ወደ ፊት በሚይዘው ክፍል ውስጥ አንዲት የላስቲክ ቀለበት ደርቃ ተበጥሳ፣ ክፍሉን የሚገፋው ዘይት እዚያው ውስጥ ይሾልክ ነበር። ቀየራት፤ መኪናዋም ወደ ፊት መሄድ ጀመረች።

ዓመታት አልፈው የኔም ልጅ ተዳረች። እኔም እንደ ወጉ እስከ ደጅ ሸኘኋት። የሰርጓ መኪና አዲስ ነበረች፤ ምንም ሳትሰናከል ወደ ፊት ፈትለክ ብላ ሄደች። እኔ የቀረልኝ የመኪናዋ ጀርባ ነው። ለእናቴና ለኔ ያን ቀን ምን እንደተደረገልን አጥርቼ ያወቅሁት ያኔ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነው። ያቺ ቀለበት ሌላ ቀን ሳይሆን በሰርጌ ቀን ስለተበጠሰች እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።