አባቴ በመሻገሪያው ላይ የያዘው ዱላ

አባቴ ያላጠፋው ጥፋት በስሙ ተለጥፎበት ነው የተቀበረ፤ እንዲጻፍልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ከቡሬ በታች ባለው ወንዝ የዘይት ፋብሪካውን መኪና ያስገለበጠ እሱ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሰናይት በፒካፕ መኪናዋ ወደ አሮጌው የኑግ ዘይት ፋብሪካ ይዛኝ ወረደች። ከፊት ወንበር ያስቀመጥናቸው በልጅነቴ የፋብሪካው ሾፌር የነበሩትን አያ ዳምጤን ነው፤ ዛሬ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ናቸው፤ በግድ ነው ያመጣኋቸው። መንገዱ ጭቃና ቋጥኝ ብቻ ነው። ጎማው ሲንሸራተት ሰናይት "እማማ፣ ጠበቅ አርገው ይያዙ!" ትለኛለች፤ "አንቺ መሪሽን ያዢ" አልኋት። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ሲገባ ግን ልጅነቴ መጣ።

ያኔ ድልድይ ስላልነበረ አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የወንዙን ድንጋይ በእግሩ እየዳሰሰ ከመኪናው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ዱላው ከፍ ካለ ቁም፣ ዝቅ ካለ ና ማለት ነው፤ እኔም ምሳውን ይዤ ከዳር ተቀምጬ፣ የፋብሪካውን የዘይት መጭመቂያ ጉርምርምታ እየሰማሁ፣ በቀጫጭን ቅልጥሞቹ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ውሃው ሞልቶ ሳለ መኪናው ከነጭነቱ ገባና ተገለበጠ። አያ ዳምጤ ለፋብሪካው አለቆች "ከማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ዱላውን አወረደው፤ ና ያለኝ መሰለኝ" አሉ። ሁሉም አመነ፤ አባቴ እዚያ ጋ ሳይሳለም አልፎ አያውቅማ። እኔ ግን አይቻለሁ፤ ዝቅ ያለው አንገቱ ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ማን ይጠይቃል? አባቴን ከፋብሪካው ሥራ አስወጡት። ከዚያ ወዲህ በቅሎ የሚያሻግር ሰው እንኳ "አንተ አትምራኝ" ይለው ነበር፤ አባቴም እስኪሞት ድረስ ሊሳለም ሲል አስቀድሞ ዱላውን መሬት ላይ ያጋድማል።

ፋብሪካው ዛሬ ጣራ የለውም፤ መጭመቂያው ዝጎ ሾላ በቅሎበታል። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ ምንም አልመጣም። መሻገሪያው ላይ ወርጄ ከመኪናው ፊት ቆምሁ፤ ምርኩዜን ከፍ አደረግሁና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አንገቴን ደፋሁ።

"አያ ዳምጤ፣ ዱላው የት ነው?"

በመስታወቱ አሻግረው ምርኩዜን አዩት።

"ከፍ እንዳለ ነው" አሉ። "ያን ቀንም ከፍ እንዳለ ነበር። ቸኩዬ ነው የገባሁት።"