የተሸናፊዋ እራት

ማሪት በየቀኑ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ውሃ የሞላ ጣሳ በጀርባዋ አዝላ፣ ከርሊንግ በሚባለው ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ አዳራሽ ውስጥ፣ በበረዶው ወለል ላይ ወደ ኋላ እየተራመደች ጠብታ ትረጫለች። ጠብታው እዚያው በረዶ ሆኖ ጉብ ጉብ ይላል። እሱ ከሌለ ተጫዋቾቹ የሚያንሸራትቱት ከባድ ድንጋይ መንገድ ላይ ይቀራል።

በዚህ የሚኒሶታ ጥግ ብርዱ ስለማያልቅ ጨዋታውም አያልቅም። አዳራሹን የሚጠብቀው አባቷ ሎይድ ነው።

ሁለት ኮሌጆች ተቀብለዋታል፤ ሚያዝያ ሳያልቅ አንዱን መምረጥ አለባት። የቺካጎው በትምህርቱ ክብደት የታወቀ ነው። ሌላው ሐይቅ ዳር ነው፤ በመዘምራን ቡድኑና በጀልባው ይወደዳል። ማሪት ሒሳብ ትወዳለች፤ ብቸኝነትን ግን ትፈራለች።

«ቺካጎዎች እንቅልፍ የሚባል ነገር ሰምተዋል?» አላት አባቷ።

«ሐይቅ ዳር ያሉትስ መጽሐፍ የሚባል ነገር ሰምተዋል፣ አባዬ?»

«እንዴታ! ጀልባው ሲያፈስ ይወትፉበታል።»

ሁለቱንም ሄዳ አየች። ሐይቅ ዳር ያሉት አቅፈው ተቀበሏት፣ በጀልባ አንሸራሸሯት። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ግን ለመምህሩ ጥያቄ እጇን ያወጣች እንግዳዋ ማሪት ብቻ ነበረች።

ቺካጎ ያስተናገደቻት ዴሊያ የምትባል ተማሪ ናት። እዚያ ማሪት ክፍል ገብታ ልቧ በትምህርቱ ተማረከ። ማምሻውን የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ተመለሰ፤ ሁሉም እራቱን በካርቶን ይዞ ወደየመኝታ ክፍሉ ገባ።

«ያለፉት የወደቁትን አይጋብዙም?» አለች ማሪት።

«ሠርግ አደረግሽው እንዴ?»

«እኛ ጋ በጨዋታ ያሸነፈ የተሸነፈውን ይጋብዛል። እምቢ ማለት ከመሸነፍ ይብሳል።»

«እንግዲያው እኔ በረሃብ ልሞት ነው፤ ወድቄያለሁ። ፈተናውን ያለፈው ጎረቤቴ ቴዎ ነው፣ እሱ ደግሞ ከግድግዳ ጋር ካልሆነ አያወራም።»

ማሪት ዴሊያን አስከትላ ሄዳ የቴዎን በር አንኳኳች።

«ዴሊያ ወድቃለች። እራቱ ያንተ ነው።»

«በየትኛው ሕግ?»

«በእኛ አገር ሕግ።»

ቴዎ አንዴ እሷን፣ አንዴ ዴሊያን አየና ጃኬቱን አነሳ። ፒዛ ቤት ተቀምጠው፣ ፒዛው ሳይቀርብ የፈተናውን አራተኛ ጥያቄ በወረቀት መሐረብ ላይ ሲከራከሩበት፣ ከጎን ጠረጴዛ ሁለት ልጆች ወንበራቸውን ጎትተው መጡ። ዴሊያ ስህተቷ ሲገባት ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። «ይቺን ነው የሳትኳት? እኔ ጅል!»

ማሪት ቤት ስትገባ አባቷ ጠበቃት።

«እሺ፣ የእኔ ልጅ?»

«ቺካጎ። ይከብዳል፤ ግን ይከፍታሉ።»

«ምኑን?»

«በሩን። ካንኳኳህ።»

ሎይድ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «በርቺ እንግዲህ፤ መዳፍሽን አጠንክሪ።»

በማግስቱ መልሷን ላከች። ትምህርቱ መስከረም ላይ ይጀምራል፤ አንድ መኝታ ክፍል የምትጋራት ልጅ ማን እንደሆነች ገና አልተነገራትም።