ከኋላ የተቆጠሩ ሲሊንደሮች

ሰፈሩ «ጆሮ» ብሎ ስም ያወጣለት መካኒክ፣ መኪናው ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል በሽታውን ይናገራል። ቺንጋው ላልቷል፣ ካንዴላው አርጅቷል ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዳለው ይሆናል። ሚስቱ ግን በዚህ ስም ትስቃለች። «ጆሮው ለብረት ነው እንጂ ሰውን መቼ ሰምቶ ያውቃል!» ትላለች። እውነቷን ነው።

ጋራዡ ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለ የቆርቆሮ መጠለያ ነው። እዚያ ውስጥ፣ ልክ መተላለፊያው ላይ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። አጭሯ ሴት ልጁ ሞተር ውስጥ እጇን ለማስገባት የምትቆምበት ነበር። በየጠዋቱ ያደናቅፈዋል፤ በየጠዋቱ ይራገማል፤ ከቦታው ግን አያነሳውም።

ልጅቱ ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ፣ በሰው ጋራዥ ተቀጥራ ትሠራለች። እሑድ እሑድ ለእናቷ ትደውላለች። ስልኩ ሲጮህ እሱ ተነስቶ ይወጣና ከመስኮቱ ሥር ቆሞ በስልኩ ማጉያ የሚሰማውን ድምፅዋን ያዳምጣል። «አባዬስ?» ትላለች፣ እናትየው «ደህና ነው» ትላታለች፣ በዚያው ያልቃል። ናፍቆቱ አንጀቱን ይበላዋል፤ ኩራቱ ደግሞ አፉን ይለጉመዋል።

አባትና ልጅ በውርስ ቢጣሉ ወግ ነበር። እነሱ የተጣሉት በቦቢና ነው፤ ለካንዴላው እሳት በሚሰጠው፣ ከመዳፍ በማይበልጥ ዕቃ። አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ በማሽን አስመርምሮ፣ «የሲሊንደር ሦስት ቦቢና አይሠራም» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። አባት ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር ልጅ ቆጥራ ቀየረች። ሰውየው በማግሥቱ መኪናው እየተንገጫገጨ ተመለሰ። «ጆሮ» ሞተሩን አስነስቶ በድሮው ዘዴ የቦቢናዎቹን ሶኬት አንድ በአንድ ነቀለ። ደህናው ሲነቀል ሞተሩ ይብስበታል፤ የሞተው ሲነቀል ግን ምንም አይለወጥም። የሞተው እሷ ያልነካችው ሆኖ ተገኘ። ደንበኛው ፊት ጮኸባት።

«ሦስት መቁጠር ያቅትሻል? ዓይንሽን ምን ጋረደው?»

«አንተ እንዳስተማርከኝ ነው የቆጠርኩት፣ አባዬ።»

«ጭራሽ በኔ ታላክኪያለሽ!»

እጇን በጨርቅ ጠራርጋ ወደ ቤት ገባች። በሳምንቱ ሄደች።

ከዓመት በኋላ እሱም የመመርመሪያ ማሽን ገዛ፤ ጉዱን ያየው ያኔ ነው። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ ዕድሜውን የፈጀው አንድ ዓይነት አሮጌ ታክሲ ላይ ነበር፤ የዚያ ታክሲ ሲሊንደር ደግሞ ከኋላ፣ ከካምቢዮው በኩል ነው አንድ ተብሎ የሚቆጠረው። ሰፈሩ ውስጥ የሚርመሰመሰው መኪና ግን ከፊት፣ የሞተሩ ቀበቶ ቺንጋው ካለበት በኩል ይጀምራል። ሽማግሌው ለሱ፣ እሱም ለልጁ እንዳለ አወረሱት። በጆሮው ለሚሠራ ሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል? ማሽን ቁጥር መጥራት ሲጀምር ነው ስህተቱ አደባባይ የወጣው። ልጅቱ እንደተማረችው ቆጥራለች፤ የተሳሳተው አስተማሪዋ ነው። ይህን አውቆ ዋጠው። ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ዓመት አለፈ፤ በቆየ ቁጥርም ነገሩ ለመናገር ከበደው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከዚያችው ልጁ ካለችበት ከተማ በቅርቡ ተዛውራ የመጣች አዋላጅ ነርስ መኪናዋን እያንገጫገጨች ደጁ ላይ አቆመች።

«ጋሼ፣ ከመምጣቴ በፊት ቦቢና አስቀይሬ ነበር። አዲስ ማሽን አስገብተናል ብለው፣ መርምረው ነው የቀየሩልኝ። ይኸው ያው ነው! ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ሁለተኛ እዚያ ጋራዥ ደጃፍ አልደርስም፤ ለማውቀው ሰው ሁሉ ነው የተናገርኩት።»

«እስቲ እንየው፣ ልጄ» አላት።

ማሽኑን ሲሰካው ሲሊንደር ሁለት አለ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሞተሩ ላይ ክዳኑን ሲያነሳ እጁ ባለበት ቀረ። አራቱም ቦቢናዎች ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ነጥብ ተደርጎባቸዋል፤ የኋለኛው ላይ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ የፊተኛው ላይ አራት። ጠመኔ ዘይት ሲነካው ይጠፋል ብላ ይህን የጀመረችው ልጁ ናት። «ጋራዥ ነው ወይስ የውበት ሳሎን?» እያለ ያሾፍባት ነበር። አሁን ሁለት ነጥብ ያለበት አዲስ ቦቢና ከፊት ሲቆጠር ሦስተኛው ላይ ተቀምጧል።

ነጥቦቹን በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። ወዲያው ግን ነርሷ ያለችው ትዝ አለውና ደነገጠ። ዝምታው የሚያቃጥለው እሱን ብቻ ይመስለው ነበር፤ ለካ የልጁንም ስም በሰው አገር እያስጠፋ ነው።

ለማረጋገጥ ከፊት ሁለተኛውን ቦቢና ከአራተኛው ጋር አቀያየራቸው። ማሽኑ አሁን አራት አለ፤ በሽታው ቦቢናውን ተከትሎ ሄዷል። የሞተውን አውጥቶ አዲስ ሲያስገባበት ሞተሩ ጸጥ ብሎ ዞረ።

«የሠራችልሽ ልጅ ጥፋት የለባትም» አላት ነርሷን። «አሳስቶ ያስተማራት ሰው ነው። እኔ ነኝ።»

ነርሷን ግራ እንደገባት ትቷት ወደ ቤት ገባና ለሚስቱ እጁን ዘረጋ። «ስልክሽን ስጪኝ።» መቼም ለነገር የማትሰንፍ ሴት፣ ያን ዕለት ለምን ብላ ሳትጠይቅ ለልጃቸው ደውላ ሰጠችው።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ምን ሆናችሁ?»

«እኔ ነኝ።»

ከልጅቱ ጀርባ የሚሠራ ሞተር ይሰማል።

«ቁጥሩ ከፊት ነው» አለ፤ ሰላምታው ራሱ ጠፋበት። «ከቺንጋው በኩል ነው አንድ የሚባለው። አንቺ ያኔ ያስተማርኩሽን ነው የሠራሽው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አውቄም ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ናፍቀሽኛል።»

ከወዲያ ሞተሩ ጠፋ።

«እዚህ ያሉት ልጆች ከፊት ነው ሲሉኝ» አለች፣ «ከሁሉም ጋር ተጣልቻለሁ እኮ። አባቴ አይሳሳትም ብዬ።»