የባጃጆቹ መብራት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ እዚሁ አዳማ ነው። ባጃጅ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ድሮ ባጃጅ ሳይ አፌ ላይ የሚመጣው ስድብ ብቻ ነበር። እግረኛ እየታከኩ ስለሚያልፉ ከሾፌሮቹ ጋር ያልተጣላሁበት መንገድ የለም።

የእህቴ የአስካለ ልጅ ደጀኔ፣ ከዓለም ጤና ወደ አዳማ ሲመጣ ሚኒባሱ ተገልብጦ ከብዙ ሰው ጋር ሞተ። እናቱም አብራው ነበረች። እሷ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እኛ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ እንባ እምቢ አላት። ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። "እርሜን ሳላወጣ ቀረሁ" ነው ቃሏ።

በአርባቸው ከተማው መብራት ሊያበራላቸው ነው ተባለ። ባጃጆች አደባባዩን ከበው ይቆማሉ፤ ለአንድ ሟች አንድ ባጃጅ መብራቱን ያበራል። አስካለ እግሯ በጄሶ ስለታሰረ ከዓለም ጤና መምጣት አልቻለችም።

"ጋሼ፣ መብራቱን ፎቶ አንስተህ አምጣልኝ። እሱን አይቼ እንኳ እርሜን ላውጣ" አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሱቆቹ ሁሉ መብራታቸውን አጠፉ። ባጃጆቹ አንድ ላይ አበሩ። እነዚያ ጡሩምባ ካልነፉ የማይውሉ ልጆች አንዳቸውም ጡሩምባ አልነኩም። እኔ ለማንም ኮፍያ የማላወልቀው ሰውዬ፣ አወለቅኩ።

ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ጉም ሆነ። ደገምኩት፤ ያው ጉም። አጠገቤ የቆመች ቆሎ ሻጭ አየችኝና፣

"አባባ፣ ከነላስቲኩ ነው እንዴ የሚያነሱት?" አለች።

እውነቷን ነው። ልጄ የገዛልኝን ስልክ አቧራ እንዳይበላው በላስቲክ ጠቅልዬ በክር አስሬ ነው የምይዘው።

"የአዳማን አቧራ አንቺ ትጠርጊልኛለሽ?"

"ሙሽራ አስመሰሉት እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ።

እልህ ያዘኝና ጉሜን ማንሳት ቀጠልኩ። ኋላ ግን አስካለ ታወሰችኝና ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ላስቲኩን ገፍፌ ቀና ስል መብራቱ ጠፋ። ሥርዓቱ አልቋል። ሱቆቹ በሩ፤ ሾፌሮቹም "ፖስታ ቤት! ፖስታ ቤት!" እያሉ መጣራት ጀመሩ።

ዳር ላይ ወደቆመው ሾፌር ሄድኩ።

"ልጄ፣ አንዴ አብራልኝ።"

"አባባ፣ አለቀ እኮ።"

"ከሟቾቹ የአንዱ እናት ናት የላከችኝ። እግሯ ተሰብሮ ልጇን አልቀበረችም። እርሟን አላወጣችም።"

ሾፌሩ ወርዶ፣ "እናት እርሟን አላወጣችም! አብሩ!" ብሎ ጮኸ። በኦሮምኛም ደገመው።

ተሳፍሮ የነበረው ሰው ወረደ። የሄዱት ባጃጆች ዞረው ቦታቸውን ያዙ። ባለሱቆቹም እየተጠራሩ አጠፉ። እኔ አፈርኩና፣

"አንዱ ይበቃኛል" አልኩት።

"አንዱን ለይተን ሌላውን እንዴት ጨለማ ላይ እንተወዋለን፣ አባባ?" አለኝ።

ሲበራ እጄ ተንቀጠቀጠ።

"ላንሳልዎት?" አለች ቆሎ ሻጯ።

"ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ክርኔን ብቻ ያዢልኝ።" ያዘችልኝ፤ አነሳሁ። ጥርት ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ዓለም ጤና ሄድኩ። አስካለ ፎቶውን ብዙ አየችው።

"የኔ ልጅ የቱ ነው?" አለችኝ።

ውሸት አልችልበትም። "አላውቅም" አልኳት።

እሷ ግን አንዱን መብራት በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። መብራቱ አደገ፤ ስልኩን ሞላው።

"ልጄ!" ብላ ጮኸች። ጎረቤት እስኪሰበሰብ አለቀሰች። እኔም አብሬያት። ሲወጣላት ውሃ ጠጣች፤ እህልም አምጡልኝ አለች።

ዛሬም ባጃጅ ሲታከከኝ እቆጣለሁ፤ ያስቆጣላ! ስድቡን ግን ትቻለሁ፤ ሾፌሩ ያን ማታ ዞሮ መጥቶ ካበሩት ልጆች አንዱ ሊሆን ይችላል። ስልኬን ወደ ላስቲኩ አልመለስኩትም። አቧራው ይብላው።