የአጥር ላይ ክትትል

ወንድሜ ዶክተር ነው። ይህን ስላችሁ ደግሞ «ወገቤን ያመኛል» ብላችሁ እንዳትመጡብን፤ የጫጩት ዶክተር ነው። ኧረ እሱም ቢሆን የታመመ ጫጩት አያክምም! ጫጩት ገና እንቁላል ውስጥ እያለ ከምንም ተነስቶ እንዴት ልብ እንደሚኖረው፣ እንዴት ዓይንና እግር እንደሚያወጣ ነው የሚያጠናው። የጫጩትም የሰውም አጀማመር ይመሳሰላል ይላል፤ የሁለቱንም አንድ ላይ አድርጎ ለጀማሪ የሕክምና ተማሪዎች ያስተምራል። እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ፣ አፌ ቀኑን ሙሉ አያርፍም፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን ለደንበኞቼ መናገር ክልክል ነበር። የከለከለችን እናታችን ናት።

አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ስለሄደ ላደርስለት የሚሠራበት ክፍል ገባሁ። ሙቀቱን ጠብቆ ከሚያቆይ ሳጥን ውስጥ አንድ እንቁላል አውጥቶ፣ ቅርፊቱን በትንሽዬ መቀስ ቀዶ ቀዳዳ ከፈተና «ነይ፣ ጎንበስ በይ» አለኝ። አስኳሉ ላይ የቀይ ክር ቁራጭ የምታህል ነገር ትርገበገባለች። «ልቡ ናት» አለኝ፣ «ሌላው አካሉ ገና ሳይሠራ እሷ ሥራ ጀምራለች።» እኔ ለፍላፊዋ ምሳውን እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። ሌሎቹን ፅንሶች ደግሞ በሰም ደፍኖ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ውፍረት እየቆረጠ፣ ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም እያስነከረ በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ይውላል። ጣቶቹ ሁልጊዜ ወይን ጠጅ ናቸው። ሰው ሲጠይቅ እናቴ ቀድማ «የቀዶ ጥገና መድኃኒት ነው» ትላለች።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ ጋሼ እንዴት ዝም ይላል ትሉ ይሆናል። ጋሼ እኮ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሮ፣ መውረጃውን አልፎ ሄዶ፣ በእግሩ የሚመለስ ሰው ነው። ካፌ ውስጥ ያላዘዘውን ቢያመጡለት አመስግኖ ይበላል። ማዕረጉን ያገኘ ሰሞን እናቴ የሰፈሩን በር አንድ በአንድ እያንኳኳች «ልጄ ዶክተር ሆነ» ብላ ዞረች። አባታችን ከሞተ በኋላ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችን፤ እነዚያው ልብስ ያሳጥቧት የነበሩ ሰዎች በር ላይ ቆማ ይህን መናገር ለእሷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የምን ዶክተር ብሎ የጠየቃት የለም። ጋሼ ሊያስረዳት ሲሞክር ግን እሳት ለበሰች።

«እንቁላል ለመስበር ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው እንዲሉኝ ነው? በወለድኩህ አታሳፍረኝ! እንቁላሉንም ቢሆን በጥቁር ፌስታል ያዝ።»

እሱም እሺ አለ፤ በጥቁር ፌስታል ያዘ።

ከዚያ በኋላ ሳል የያዘው፣ ጆሮውን የቆረጠመው፣ የበላው ያልተስማማው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። እናቴ በረንዳው ላይ ወንበር አስቀመጠችላቸው። ጋሼ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፦ «ሐኪም ቤት ሂዱ።» ምክንያቱን ግን አይናገርም፤ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ግማሹ «አይ ትሕትና!» አለ፣ ግማሹ «ኮራብን» አለ። እኔን ደግሞ ንዴት ገደለኝ። «አንድ ጊዜ ተናግረህ አትገላገልም?» ስለው «እማዬስ?» ይለኛል። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

አጥር የምንጋራት ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለችን። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ጨንግፎባታል። በሁለተኛው ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አንዷ ነርስ «አሁንም አንቺ ነሽ?» አለቻት አሉ፤ ከዚያ ወዲህ የዚያን ግቢ በር ማየት አስጠላት። እንደገና ስታረግዝ ለማንም አልተናገረችም። አንድ እሑድ ጠዋት ጋሼ ቧንቧው ጋ ጥርሱን ሲቦርሽ፣ በአጥሩ በተቀደደው ቆርቆሮ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ነፍሰ ጡር ነኝ» አለችው፤ «አሁን ውስጤ ምን እየሆነ ይሆን?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ ብሏት በገባ። ግን ይሄ እኮ የእሱ ጥያቄ ነው! በዚህ ዓለም ላይ ከልቡ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ከተማሪዎቹ በቀር ደግሞ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ቡርሹን ከአፉ አወጣ። የፅንሱ ልብ ከሌላው አካል ቀድማ ሥራ እንደምትጀምር ነገራት። ጀርባው ላይ ያለው ቱቦ ከመሃል ጀምሮ ወደ ላይና ወደ ታች እንደ ዚፕ እንደሚዘጋ ነገራት። እሷም የገዛ ሙያዋ ሆነባትና «ዚፕ ነው ያሉኝ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ጠዋት የእነሱ ሆነ። «ዛሬስ ዶክተር?» ትላለች። እሱ ይነግራታል። እጁ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ እንደሆነ፣ ጣቶቹ የሚለያዩት በመካከላቸው ያለው ሥጋ ቀስ በቀስ ስለሚሞት እንደሆነ፣ የላንቃው ሁለት ጎን መሃል ላይ ተገናኝቶ እንደሚገጥም። «እህ፣ ይሄማ ስፌት ነው!» ትለዋለች። ጋሼ ሲስቅ ድምፅ እንዳለው ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ዝም ብሎም አልነበረም፤ ጠይቋት ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ክትትል አለሽ አይደል?» አላት።

«አለኝ እንጂ ዶክተር! አንድም እሑድ አላጎደልኩ» አለችው።

እሑድ ማለቷን ልብ አላለውም። እኔም አላልኩም።

ሆዷ በደንብ ገፍቶ ሰባተኛ ወሯ ውስጥ እያለች፣ አንድ እሑድ ጋሼ ጥርሱን ቦርሾ እስኪጨርስ አልጠበቀችም፤ በእኛ በር ዞራ መጣች። በረንዳው ላይ እናቴና ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠው ነበር። እናቴ ወንበሩን ሳበችላት።

«ዛሬስ ምን እየሠራ ነው ዶክተር?» አለች።

«ተጣብቆ የነበረው የዓይኑ ቆብ በዚህ ሰሞን ይከፈታል» ብሎ ጀመረ። ቀና ሲል ግን ፊቷን አየው። ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ቀለበቷን ጣቷ ውጦታል። ራሷን ሊፈልጣት እንደደረሰ፣ ዓይኗ ፊትም ብልጭ ብልጭ እንደሚል ነገረችው።

«ይህን ለሚከታተሉሽ ነገርሻቸው?» አላት።

«ለማን?»

«ክትትል የምታደርጊበት ቦታ።»

«ይኸው እየነገርኩዎት!» ብላ ሳቀች።

«የደም ግፊትሽን ሲለኩሽስ ምን አሉሽ?»

«ኧረ ዶክተር፣ እርስዎ መች ለኩኝ?»

የጋሼ ከንፈር ነጣ። ምን እንደገባው ለእኔም ያኔ ገባኝ፤ ክትትል የምትለው የእሑዱን የአጥር ላይ ወሬ ኖሯል። እናቴ ደግሞ ፈጠን ብላ «ይለካታል! መሣሪያው ሥራ ቦታ ስለሆነ ነው፣ ነገ ያመጣዋል» አለች። እናቴ ናት፣ እወዳታለሁ፤ ያን ሰዓት ግን መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ነው ያልኩት።

«እማዬ፣ ተይ!» አለ ጋሼ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምተን አናውቅም። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «እኔ ሰው አላክምም። የማጠናው ጫጩት ነው። ግፊት መለካት አልችልም፤ ለክቼም አላውቅም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለብሽ።»

አንደኛዋ ጎረቤት «ጫጩት?» ብላ ፍርፍር አለች። እናቴ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ያልገባው ሰው እንደሚያይ እያየችው ቀረች። እኔ ታክሲ ፍለጋ በነጠላ ጫማዬ ሮጥኩ።

ሆስፒታል እንደደረስን በአልጋ ገፍተው አስገቧት። ከአፍታ በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ወጣና «ክትትሏ የት ነበር? ካርዷ የታለ?» አለ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። እሷ ከተኛችበት እጇን ዘረጋችና ወደ ጋሼ ጠቆመች። «እሳቸው ናቸው የሚከታተሉኝ» አለች። በረንዳ ላይ የነገራትን አልሰማችው ይሁን ወይ አላምን ብላ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐኪሙ ጋሼን ሲያየው ፊቱ በራ። «መምህር!» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ተማሪው ነበር። «እርስዎ ነዎት የተከታተሏት? እፎይ! ግፊቷ ከመቼ ጀምሮ ነው ከፍ ማለት የጀመረው? ሽንቷ ላይ ምን ታየ?»

ጋሼ እጁን ለማስለቀቅ ሞከረ። ልጁ አልለቀቀውም፣ መልስ እየጠበቀ ነው። ነርሶቹም ቆመው ይጠብቃሉ።

«አልተከታተልኳትም» አለ ጋሼ። «ጣት መቼ እንደሚለያይ ነው የነገርኳት።»

ሐኪሙ አልገባውም። አንዷ ነርስ ግን ገባት መሰለኝ፣ ወይን ጠጅ ጣቶቹን አየች፣ ከዚያ ፊቱን አየች። ወጣቱ ቀስ ብሎ እጁን ለቀቀውና «እሺ መምህር» ብቻ ብሎ ገባ። ያቺ «እሺ መምህር» ከስድብ ሁሉ የከፋች ናት፤ እኔን እንኳ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ጋሼ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠ። ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «እንቁላል ውስጥ ያለ ፅንስ እናቱ አጠገቡ የለችም። ብቻውን ነው የማየው። እናትየዋን ማየት አልለመድኩም። በየሳምንቱ እያናገርኳት አንድም ቀን አላየኋትም።» አጠገቡ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

እሷ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፣ ተወለደ፣ አልቆየም።

ቤታችን ከዚያ በኋላ ቤት አልሆነም። በሰፈሩ «ዶክተር ጫጩት» የሚል ስም ወጣለት። ጸጉር ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል፤ ምን ሲያወሩ እንደነበር ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። እናቴ ወንበሩን ከበረንዳ አስገባች፣ ከዚያ ወዲያ ገበያም በእኔ ነው የምትልከው። ጋሼ ጥርሱን ቤት ውስጥ ሳፋ ላይ ይቦርሽ ጀመር። ምሳ ላይ እናቴ እሱን አታየውም፣ እሱም እሷን አያያትም። እሱ በእሷ ምክንያት ዝም ብሎ፣ እሷ በእሱ ኮርታ፣ አሁን ሁለቱም እርስ በርስ ይተፋፈራሉ። እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ዳቦ አቀብላለሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት አጥሩ ተንኳኳ። ጋሼ ከበሩ ኋላ ተለጠፈ። «ውጣ!» አልኩት፣ «ከሰደበችህም ተሰደብ!» ገፍቼ አስወጣሁት። ሄዶ ቆርቆሮው ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ከስታለች። ዶክተር አላለችውም።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «እኔ ሰመመን ላይ እያለሁ ጠቅልለው ወሰዱት፣ አላየሁትም። ጣቶቹ ተለያይተው ነበር?»

ጋሼ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያዘ። «ተለያይተው ነበር» አለ። «ጥፍርም ነበረው። የጣት አሻራም ነበረው፣ የማንም ያልሆነ፣ የራሱ።»

«ዓይኑስ?»

«ዓይኑም ይከፈት ነበር።»

አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፣ ሳይደብቅ። «አንተ ባትነግረኝ ኖሮ ምንም ሳላውቀው ነበር የሚሄድብኝ» አለችው። ጋሼ ተመልሶ ሲገባ «ብትሰድበኝ ምን ነበረበት!» እያለ ነበር። እናቴ ማድ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ያን ቀን ከወትሮው ዘግይታ ወጣች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

ዓመት አልፎ ልብስ ሰፊዋ ዳግም አረገዘች። እንደነገረችን በማግስቱ ጋሼ ሥራ ሳይሄድ በሯ ላይ ቆመ። «ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አላት። እናቴም ሻርፗን አድርጋ ተከተለቻቸው፤ ጉድ ነው ብዬ እኔም ጸጉር ቤቴን ዘግቼ ሄድኩ። በነፍሰ ጡሮቹ መሃል አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ወንድ ጋሼ ብቻ ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል፣ ግን አልተነሳም።

አጠገባችን ያለችው ሴት እናቴን «ልጅዎ ነው? ሥራው ምንድን ነው?» አለቻት። እናቴ መሬት መሬት አየች። «አስተማሪ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። «የጫጩት ፅንስ ነው የሚያጠናው።»

ጋሼ ዞር ብሎ አያት፣ እሷ ግን አላየችውም።

ነርሷ ተራችን እንደደረሰ ተጣራች፣ የግፊት መለኪያውንም መጠቅለያ ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ሰብስባ ከመዘርጋቷ በፊት፣ እንደ ድሮዋ ሹክ አለችው። «ወንድሜ፣ አሁንስ ልቡ ጀምራ ይሆን?»

ጋሼ ፊቷን ትክ ብሎ አየ።

«መጀመሪያ አንቺ ተለኪ» አላት።