ጥጃዋ የቆመች ዕለት

አዲስ የተወለደ ጥጃ ሽታ፣ ያ የእንገርና የእርጥብ ጠጉር ሽታ፣ ዛሬም የሆነ ቦታ ሽው ሲለኝ ልቤ ድው ድው ማለት ይጀምራል።

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ከጣና ሐይቅ ብዙ በማይርቅ ፋሲሎ በሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ ከደሴ መጥቶ የተቀጠረ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ እናቴ ግን እዚያው አቅራቢያ ያለችው የሐሙሲት ልጅ ስለነበረች፣ ወላጆቿ የሰጧትን ቡሬ የምትባል ላም ጓሯችን ውስጥ ታረባ ነበር። በአንድ ክረምት የቡሬ ሆድ እየገፋ ሲሄድ እኔና ታላቅ እህቴ ስንዱ በየማለዳው ተሽቀዳድመን እየወጣን፣ ሆዷን በመዳፋችን እየዳበስን፣ ጥጃው ሲራገጥ በተሰማን ቁጥር በደስታ እንጯጯህ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ባባራበት አንድ እሑድ ጧት ቡሬ ወለደች። ጥጃዋ ግን እግሯ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ አንገቷን እንኳ ቀና ማድረግ ያቃታት ነበረች። እናቴ እንገሩን አልባ፣ በታናሽ ወንድማችን ጡጦ አድርጋ ብትሰጣት አፏን አልከፍት አለች።

«ዛሬውኑ ቆማ ካልጠባች አትተርፍም» አለች እናቴ።

የዚያን ዕለት ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይሰጠውም ነበርና አባቴም እናቴም መሄድ ነበረባቸው። እናቴ ሕፃኑን አዝላ ልትወጣ ስትል፣ «በጆንያ እሿት፤ ጣታችሁን እንገር እየነከራችሁ አልሷት» አለችን። እኛም እየተፈራረቅን ክንዳችን እስኪዝል አሸናት። ጥጃዋ ዓይኗን ጨፍና ስትታሽ ቆየች፤ ድንገት ስንዱ ጣቷን ከጥጃዋ አፍ ሳታወጣ ቀና አለችና፣ «ጣቴን እየጠባችው ነው» አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ በኋላ ጥጃዋ ተንፈራገጠች፣ ተነሣች፣ ወደቀች፣ እንደገና ተነሣች። ሆዷን ደግፈን ወደ እናቷ አስጠጋናት፤ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ጡቱን ስትጎርስ ባየሁ ጊዜ ጥጃዋን ለስንዱ ትቼ በጭቃው መካከል ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሮጥሁ።

ሊቀመንበሩ ንግግር ላይ ነበር። መንገድ ላይ ስናየው እንኳ የምንሸሸው፣ ሽጉጥ ከወገቡ የማይለየው ሰው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አላስታወስሁትም።

«አባባ፣ ቆመች!» ብዬ ጮህሁ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ደንግጦ ብድግ አለ።

«ማናት የቆመችው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የያዘኝ። «ጥጃችን ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር። ስትወለድ መቆም አቅቷት ነበር።»

ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «ጠባች?» አለ።

«እየጠባች ነው።»

«በይ ቶሎ ተመለሽ፤ እንዳትወድቅ ደግፏት» አለና ንግግሩን ከየት እንዳቋረጠው ጠፍቶት ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እናቴም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር።

ስሟን ትርፌ አልናት። ከመስቀል በኋላ ጓሮው ሲደርቅ የተሰጣ ልብስ እየጣለች ትቦርቅ ነበር፤ በጋ ሲገባም ጣና ዳር ስንወስዳት፣ ማዕበሉ እግሯን በነካው ቁጥር ዘልላ እኛ ጀርባ ትደበቅ ነበር።

ያ ጓሮ ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል። አሁን ልጆቼ ፈተና ሲያልፉ፣ ዘመድ ሲወልድ፣ የምሥራቹን በስልክ እሰማለሁ፣ በስልክም አስተላልፋለሁ፤ ደስታው ያው ደስታ ነው። ነገር ግን በዚያ እሑድ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ ለአባቴ የነገርሁትን ያህል የጣፈጠኝ የምሥራች እስካሁን አላገኘሁም።